ልጄ ከአናፖሊስ በር ላይ «በጤና ብቁ አይደለህም» ተባለ፤ አሁን ምን እናድርግ?

«ሰላም ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ዘንድሮ ሃይስኩል ይጨርሳል። ባለፈው ወር 18 ዓመት ሞላው። ሕልሙ ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ነው፤ አናፖሊስ፣ የአሜሪካ የባህር ኃይል አካዳሚ፣ ገብቶ የባህር ኃይል መኮንን መሆን። አባቴ በጃንሆይ ጊዜ ምጽዋ የባህር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። በነጭ ዩኒፎርም የተነሱት ፎቶ ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል። ልጄ እሱን እያየ ነው ያደገው። ውጤቱ ጥሩ ነው። ክሮስ ካንትሪ ይሮጣል። ከኮንግረስ አባላችን ለአካዳሚው የእጩነት ድጋፍ (ኖሚኔሽን) አግኝቷል።

ከሁለት ሳምንት በፊት የአመልካቾችን ጤና ከሚያየው ከዶድመርብ ደብዳቤ መጣ። በአስም ምክንያት ብቁ አይደለህም ይላል። 14 ዓመቱ ላይ ክረምቱን አዲስ አበባ አሳልፈን ስንመለስ ክፉ ሳል ይዞት ነበር። የወሰድነው ክሊኒክ ኢንሄለር ሰጠው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ታሞ አያውቅም። አሁን ክፍሉን ዘግቶ ይውላል፣ ጠዋት መሮጡንም ትቷል። እናቱ ‹ተመስገን፣ እንኳን ቀረ› ስትል ሰማት። ወንድሟ ብሔራዊ ውትድርና ሄዶ አልተመለሰም። አሁን ቤቱ በሙሉ ተኳርፏል።

አንድ ሐኪም ወዳጄ ‹አስም የለበትም የሚል ወረቀት ልጻፍልህ› ብሎኛል። ሌላው ደግሞ ‹ሌላ ቦታ ሲያመለክት አስም የሚባል ነገር አታንሱ› ይለኛል። ለዘመድ ለወዳጅ ሁሉ አውርተናል። ምን ላድርግ? አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ።»

ወንድሜ፣ ብዙ ነገር በአንዴ ነው የመጣብዎት። የልጁ ሐዘን አለ፣ የቤቱ ኩርፊያ አለ፣ የወዳጅ ምክርም አለ። ቀን የሚቆጠርበትን ላስቀድም። ስለ ቤቱ በኋላ እመለስበታለሁ።

ዶድመርብ አናፖሊስ አይደለም። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሳያውቅ ነው ተስፋ የሚቆርጠው። ዶድመርብ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የሕክምና ቦርድ ነው። መቀመጫው ኮሎራዶ ስፕሪንግስ፣ የአየር ኃይል አካዳሚው ግቢ ነው። ለዌስት ፖይንት፣ ለአናፖሊስ፣ ለአየር ኃይል፣ ለኮስት ጋርድና ለመርቸንት ማሪን አካዳሚዎች የሚያመለክቱትን ልጆች ጤና የሚያየው እሱ ነው። የአመልካቹን ምርመራ ከጤና መስፈርቱ ጋር ያመሳክርና «ያሟላል» ወይም «አያሟላም» ይላል። አንዳንዴ ደግሞ «ተጨማሪ መረጃ አምጡ» ይላል። ልጅዎ ይግባ አይግባ ብሎ የሚወስነው ግን እሱ አይደለም።

«አያሟላም» ከተባለ በኋላ ሌላ ደረጃ አለ፤ ዌቨር ይባላል። መስፈርቱን ባያሟላም ይግባ ተብሎ የሚሰጥ ልዩ ፈቃድ ነው። ይህን የሚሰጠው ዶድመርብ ሳይሆን አካዳሚው ነው። ቤተሰብ ማመልከቻ ጽፎ የሚያስገባው ነገርም አይደለም። አካዳሚው ልጁን በትምህርቱና በብርታቱ ከፈለገው ፋይሉን ራሱ አንስቶ ለሐኪሞቹ ያቀርባል። ስለዚህ ልጅዎ አሁን ያለው መሃል መንገድ ላይ ነው። ዌቨር ይሰጠዋል ብዬ ቃል አልገባልዎትም። ማንም ሊገባልዎት አይችልም። ግን በሩ ገና አልተዘጋም፤ ልጁ ይህን ዛሬ ማታ ከእርስዎ አፍ ይስማው።

አሁን ወደ መስፈርቱ ልግባ። መከላከያው ስለ አስም ያወጣው ደንብ ከ13ኛ ዓመት የልደት ቀን በኋላ የታየ አስምን ይከለክላል። ከአስም ጋር የሚመደቡ የአየር ቧንቧ መጥበቦችም አብረው ይቆጠራሉ፤ ስፖርት ሲሠራ ብቻ የሚነሳውም ጭምር። ልጅ እያለ ሲር ሲር ይለው የነበረ ሕፃን ብዙ ጊዜ ሲያድግ ይተወዋል። ከዚያ ዕድሜ በኋላ የመጣው ግን የመቆየት ዕድሉ ሰፋ ያለ ነው። መርከብ ላይ ደግሞ እሳት ሲነሳ የሚያጠፉት መርከበኞቹ ራሳቸው ናቸው። ጭሱ አለ፣ ሆስፒታሉ ሩቅ ነው። ስለዚህ ደንቡን የልጅዎ ጠላት አድርገው አይዩት። ጥያቄው ልጅዎ በእርግጥ አስም አለበት ወይ የሚለው ነው።

ይህን ለማወቅ መጀመሪያ መዝገቡ ምን እንደሚል ማየት አለባችሁ። እርስዎ የጻፉልኝ የሚያስታውሱትን ነው። ዶድመርብ ያየው ግን የተጻፈውን ነው። ሁለቱ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። የክሊኒኩ ሐኪም ያን ቀን «ሳል፣ ብሮንካይትስ» ብሎ ጽፎ ይሆናል። ወይም «አስም» ብሎ ጽፎ ይሆናል። ወይም ደግሞ ክሊኒኩ ምንም ሳይል የልጁ የዘወትር ሐኪም በዓመቱ «ለሩጫ ጊዜ ምናልባት ቢያስፈልገው» ብሎ ኢንሄለሩን አሳድሶለት ይሆናል። እንዲህ ያለች አንዲት እድሳት ሁለተኛ ማስረጃ ሆና ልትቆጠር ትችላለች።

ልጅዎ 18 ስለሞላው መዝገቡን መጠየቅ ያለበት እሱ ራሱ ነው። እርስዎ ቢደውሉ አይሰጥዎትም፤ ሕጉ ነው፣ አይቀየሟቸው። ክሊኒኩ ጥያቄው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት። ስለዚህ ነገ ዛሬ አይባልም። ከያንዳንዱ ሐኪም ቤት ሙሉውን መዝገብ ይጠይቅ፤ ማጠቃለያ ወረቀት አይበቃም። ከፋርማሲውም ኢንሄለር መቼና ስንት ጊዜ እንደወሰደ የሚያሳየውን ዝርዝር ያውጣ። ከአራት ዓመት በፊት አንዴ ወስዶ ከዚያ ወዲያ ምንም ከሌለ፣ ያ ወረቀት ከአሥር ሰው ምስክርነት ይበልጣል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ የትምህርት ቤቱ የስፖርት ፎርም። በየዓመቱ ወላጅ የሚሞላው፣ «አስም አለበት? ኢንሄለር ይጠቀማል?» የሚል ሳጥን ያለበት ነው። ብዙዎቻችን እንዲያ ያለውን ፎርም ኩሽና ጠረጴዛ ላይ፣ እራት እየቀረበ፣ «አዎ» ላይ ምልክት አድርገን እንፈርማለን። ለጥንቃቄ ብለን ነው። የእናንተም ምን እንደሚል እዩት። «አዎ» ተብሎ ከሆነ ለምን እንደተባለ ልጁ በቅንነት ማስረዳት መቻል አለበት።

የሐኪም ወዳጅዎን ወረቀት ይተውት። አዛኝነቱን አመስግኑት፣ ወረቀቱን ግን አትቀበሉት። ልጁን ሳይመረምር «አስም የለበትም» ብሎ የሚጽፍ ሐኪም ፈቃዱን አደጋ ላይ ይጥላል። ከዚያ ያለፈ ደግሞ ወረቀቱ አይጠቅምም። የቦርዱ ሐኪሞች የሚፈልጉት ቁጥር ነው፤ የተመረመረ፣ የተለካ፣ ቀን ያለው። ልጅዎን የሳንባ ስፔሻሊስት ጋ ይውሰዱት። ከዚያ በፊት ግን ልጁ የአካዳሚው አድሚሽን (ቅበላ) ቢሮ ዘንድ ደውሎ የትኛውን ምርመራ ማየት እንደሚፈልጉ ይጠይቅ፤ አለዚያ ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ።

ብዙ ጊዜ የሚታዘዙት ሁለት ናቸው። አንደኛው ስፓይሮሜትሪ ነው፤ ልጁ ባለ በሌለ ኃይሉ ቱቦ ውስጥ ይነፋል፣ ማሽኑ በመጀመሪያው ሴኮንድ ምን ያህል አየር እንደወጣ ይለካል። ሁለተኛው የሜታኮሊን ፈተና ነው፤ ከበድ ይላል። ልጁ ሜታኮሊን የሚባለውን መድኃኒት በእንፋሎት መልክ፣ መጀመሪያ በጣም ጥቂት፣ ይስባል። ከዚያ ይነፋል። መጠኑ ከፍ ይላል፣ እንደገና ይነፋል። እንዲህ እየተባለ እስከ መጨረሻው መጠን ይኬዳል። አስም ያለበት ሰው ቧንቧው ቶሎ ይጠባል። የሚወጣው አየር ከመነሻው 20 በመቶ ከቀነሰ ፈተናው ፖዘቲቭ ነው። እስከ ከፍተኛው መጠን ደርሶ ካልቀነሰ ኔጋቲቭ ነው፤ ኔጋቲቭ ከሆነ አሁን አስም አለበት ለማለት በጣም ይከብዳል። ከፈተናው በፊት መቆም ያለበት መድኃኒት ካለ ስፔሻሊስቱ ይነግራችኋል።

ኔጋቲቭ ከወጣና ስፔሻሊስቱም ያኔ የነበረው ከጉንፋን የመጣ ሳል ነው ብሎ ካመነ፣ ያንን በራሱ ወረቀት ላይ ምክንያቱን ዘርዝሮ ይጽፋል። ያ ወረቀት ክብደት አለው። ልጁም ያኔ ክሊኒኩን «መዝገቤ ላይ የተጻፈው ይታረም» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። የፌዴራሉ ሕግ ይህን መብት ሰጥቶታል። ክሊኒኩ በ60 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። አላርምም ካለ ደግሞ የልጁ የተቃውሞ ጽሑፍ ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ ይደረጋል። የድሮው ጽሑፍ አይፋቅም፤ እርማቱ ግን አብሮት ይነበባል። የተሳሳተ መዝገብ የሚስተካከለው በዚህ መንገድ ነው።

ፖዘቲቭ ቢወጣስ? ወንድሜ፣ ለዚህም ተዘጋጁ። ፖዘቲቭ ከወጣ ልጁ በእርግጥ አስም አለበት ማለት ሊሆን ይችላል፤ ያንን ማወቁ ደግሞ ለጤናው ከማንኛውም አካዳሚ ይበልጣል። በሩጫ መሃል ከሚወድቅ፣ ውቅያኖስ መሃል ከሚታፈን፣ እዚሁ ቤቱ ሆኖ ሕክምናውን ቢጀምር ይሻላል። እናቱ ጸበል ልውሰደው ካለችም ትውሰደው፣ ኢንሄለሩ ብቻ ከኪሱ አይለየው።

«አስም የሚባል ነገር አታንሱ» ስላለዎት ወዳጅ ደግሞ ያለ ማመንታት የምናገረው ነገር አለኝ። አትስሙት። አንደኛ ነገር፣ ዶድመርብ አንዴ አይቶታል፤ ፋይሉ አለ። ሁለተኛ፣ የዛሬ ሕክምና መዝገብ ኮምፒዩተር ላይ ነው፤ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው በሰከንድ ይደርሳል። ሦስተኛውና ዋናው፣ የጤና ታሪክን ደብቆ ሠራዊት መግባት በወታደራዊው ሕግ ወንጀል ነው። ዓመታት ካገለገለ በኋላም ሊነሳ ይችላል። «ተራ ወታደር ሆኖ ይግባ፣ እዚያ ማንም አይጠይቅም» የሚላችሁም አይጠፋም። ይጠይቃሉ። የጤና መስፈርቱም ያው ነው። መኮንን ልሁን የሚል ልጅ ደግሞ አገልግሎቱን በውሸት ፊርማ መጀመር የለበትም። አናፖሊስ ውሸት ተማሪ ሊያስባርር ይችላል እኮ።

አንድ ነገር ለሌሎች አንባቢዎች ጣል ላድርግ፤ ኢትዮጵያ የተወለደ ልጅ ያላችሁ ወላጆች። በሕፃንነቱ ክንዱ ላይ የተወጋው የቲቢ ክትባት የቆዳ ምርመራውን ፖዘቲቭ ሊያስመስለው ይችላል። የደም ምርመራው ግን በክትባቱ አይሳሳትም። ልጃችሁ በዚህ ከተያዘ የደም ምርመራውን ይጠይቅ። ሕክምና ወስዶ ጨርሶ ከሆነም የጨረሰበትን ወረቀት ፈልጉ።

ወደ እናንተ ልመለስ። ሰዓቱ እየሄደ ስለሆነ ሌሎቹን በሮች ጎን ለጎን ማንኳኳት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ዌቨሩን ሲጠብቅ ሌላውን ሁሉ ያስመልጣል። ሜይ 1 ለአብዛኛው ኮሌጅ «እገባለሁ» ብሎ የማሳወቂያ ቀን ነው፤ የዌቨሩ መልስ ከዚያ በፊት ላይመጣ ይችላል።

ቅርቡ በር አርኦቲሲ ነው። ልጁ መደበኛ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፣ ጎን ለጎን ወታደራዊ ሥልጠና ይወስዳል፣ ሲመረቅ መኮንን ይሆናል። ማዕረጉ ከአናፖሊስ የወጣው የሚይዘው ያው ማዕረግ ነው። እናንተ አካባቢ ብዙ አለ። የባህር ኃይሉ ጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አለ። የምድር ጦሩ ጆርጅ ሜሰን፣ ሜሪላንድና ሃዋርድ አለ። የጤናውን ነገር እዚህም የሚያየው ዶድመርብ ነው፤ ዌቨሩን ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም በራሱ ነው የሚወስነው። አናፖሊስ እምቢ ስላለ ብቻ ሌላው እምቢ አይልም። አንዱ ስለፈቀደም ሌላው አይፈቅድም።

የአርኦቲሲ ስኮላርሺፕ ደስ ይላል፤ ግን ጤናው እስኪጸድቅ ገንዘቡ አይለቀቅም። ስለዚህ ያለ ስኮላርሺፑ መክፈል የማትችሉት ዩኒቨርሲቲ «አርኦቲሲ ይከፍልልናል» ብላችሁ አታስገቡት። እንዲህ አድርገው በሁለተኛው ሴሚስተር ልጃቸውን ያስወጡ ቤተሰቦች አሉ፤ የተረፋቸው ብድር ብቻ ነው። ፋፍሳውን (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻውን) ሙሉ፣ የቨርጂኒያ ነዋሪ ክፍያ የሚያስከፍለውን ትምህርት ቤት አስቀድሙ።

እኔን ብትጠይቁኝ ለልጅዎ ልብ የሚቀርበው ቨርጂኒያ ቴክ ይመስለኛል፤ አመልክቶ ከሆነ። የሦስቱም ኃይሎች አርኦቲሲ አለው። የካዴቶች ኮርም አለው፤ ልጆቹ ዩኒፎርም ለብሰው፣ ጠዋት ተሰልፈው፣ በአንድ ዶርም ነው የሚኖሩት። ዌቨሩ ባይመጣ እንኳ ከኮሩ አያስወጡትም፤ መኮንን ለመሆን ሳይፈርሙ በካዴትነት የሚቆዩበት መስመር አለ። መርከብ የሚነደፍበት የውቅያኖስ ኢንጂነሪንግም ይሰጣል። ባህሩን ለሚወድ ልጅ ይህ ሁሉ አንድ ግቢ ውስጥ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው።

በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ለአናፖሊስ ማመልከትም ይችላል። አንድ ዓመት ኮሌጅ ተምረው የሚገቡ ልጆች በየዓመቱ አሉ። የ19 ዓመት ልጅ በዕድሜ አይከለከልም። ኖሚኔሽኑን ግን እንደ አዲስ መጠየቅ አለበት፤ የዘንድሮው አይሸጋገርም። ቢገባም ከአንደኛ ዓመት ነው የሚጀምረው፣ ያለፈው ክሬዲት ዓመት አያሳጥርለትም። ሮድ አይላንድ፣ ኒውፖርት ያለው የአካዳሚው መሰናዶ ትምህርት ቤት ደግሞ የጤናው ማምለጫ አይደለም። እዚያም ጤና ይጠየቃል፤ የሚመርጠውም አካዳሚው ነው እንጂ ለብቻው ማመልከት አይቻልም።

የጦር መኮንንነቱ ጨርሶ ባይሆንስ? የኒውዮርክ፣ የማሳቹሴትስ፣ የሜይንና ሌሎችም የክፍለ ሀገር የባህር አካዳሚዎች የንግድ መርከብ መኮንን ያሰለጥናሉ። የእነሱ የጤና ምስክር ወረቀት ከኮስት ጋርድ ነው የሚወጣው፣ መስፈርቱም የራሱ ነው። መከላከያው ደግሞ ስማርት የሚባል ስኮላርሺፕ አለው፤ በሳይንስና በኢንጂነሪንግ የሚማሩትን ሙሉ የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል፣ በየጊዜው የኪስ ገንዘብ ይሰጣል፣ ከተመረቁ በኋላ በሲቪልነት መከላከያው ውስጥ ያሠራቸዋል። የባህር ኃይሉን መርከብ የሚነድፉ፣ የሚጠግኑ፣ ሶናሩን የሚሠሩ ሰዎች ብዙዎቹ ዩኒፎርም የላቸውም። ይህን ለልጁ አሁን አይንገሩት። ሐዘኑ ትኩስ ነው፤ «ተወውና ሌላ ነገር ሁን» ያሉት ይመስለዋል። ለራስዎ ይወቁት፣ ሲጠይቅዎት ያውጡት።

አሁን ወደ ቤቱ።

ባለቤትዎ ልጇን አልጠላችም። ወንድሟ ሄዶ ያልመጣ ሴት «ተመስገን» ብትል ማን ይፈርድባታል? ሬሳ ሳይመጣ፣ ለቅሶ በወጉ ሳይለቀስ፣ እናት በር በሩን ስታይ የኖረችበት ቤት ውስጥ አድጋ ይሆናል። ለሷ ውትድርና ማለት ያ ነው። ለልጁ ደግሞ ውትድርና ማለት ሳሎን የተሰቀለው የአያቱ ፎቶ ነው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ጥፋቱ ልጁ የሷን ምክንያት አለማወቁ ነው። አሜሪካ ያደገ ልጅ የብሔራዊ ውትድርናን ነገር ከየት ይሰማል? እሷ ራሷ ትንገረው። የአጎቱን ስም፣ ስንት ዓመቱ እንደነበር፣ የሄደበትን ቀን። እርስዎ መሃል ገብተው አይተርጉሙላት፤ ቡና አፍሉና ከክፍሉ ውጡ። ከዚያም «ሐኪሞቹ ከፈቀዱልህ አልከለክልህም» ማለት ከቻለች ትበለው። ካልቻለች ደግሞ «እፈራለሁ፣ ግን ሕይወቱ ያንተ ነው» ማለቷም ይበቃል።

ለዘመድ ስላወራችሁት አትጨነቁ። ማኅበር ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ «እህስ፣ ልጁ ገባ?» ሲባሉ «የጤና ወረቀቱ ገና በምርመራ ላይ ነው፣ በጸሎት አስቡት» ይበሉ። እውነት ነው፤ ከዚያ በላይ ለማንም ዕዳ የለብዎትም። የልጁን በሽታ ስም ግን ያለ ፈቃዱ አያውጡ። ሰው ፊት አንገትዎን ሲደፉ ካየዎት አሳፈርኳቸው ብሎ ያስባል። እሱ ደግሞ ማንንም አላሳፈረም።

ክፍሉን ዘግቶ መዋሉ እንዲህ ያለ ነገር ለገጠመው ልጅ የሚጠበቅ ነው። ሳምንታት አልፈው ካልተሻለው፣ እንቅልፍና ምግብ ካጣ፣ «ምን አለኝ ከዚህ በኋላ» ዓይነት ነገር ካለ ግን አትጠብቁ፤ ሐኪሙን አናግሩ፣ በአስቸኳይ ጊዜ ደግሞ 988፣ የአእምሮ ጭንቀት አስቸኳይ መስመር፣ ላይ ይደወላል። «የአእምሮ ጤና ባለሙያ ካየ ሌላ እንከን ይመዘገብበታል» ብለው ይሆናል። የተደረገለት ሕክምና ይጠየቃል፣ ልክ ነዎት። ቢሆንም ልጁን ማትረፍ ከፋይሉ ይቀድማል።

የመጨረሻውን ለልጅዎ ልጻፍለት፤ ያስነብቡት።

የኔ ልጅ፣ አናፖሊስ የሚፈልገው ካንተ እንዲሰማ ነው። አባትህ ከደወለ ደስ አይላቸውም፤ ለራሱ የማይናገር ልጅ ብለው ይይዙሃል። ኢንተርቪው ላደረገልህ ብሉ ኤንድ ጎልድ ኦፊሰር (የአካዳሚው የአካባቢ ተወካይ) ዛሬ ኢሜይል ጻፍለት። ምን እንደደረሰህ በሁለት መስመር ንገረው። ከዚያ አድሚሽን ቢሮ ደውል። ስታወራ አታልቅስባቸው፣ አትከራከራቸውም። እንዲህ በል፦ ዶድመርብ በአስም ምክንያት አያሟላም ብሎኛል፣ እኔ አሁንም መግባት እፈልጋለሁ፣ ፋይሌ ለዌቨር ይታያል ወይ? ከታየ ምን ምርመራ ትፈልጋላችሁ? እስከ መቼ? ይህን ብቻ ነው። ዘንድሮ አይታይም ካሉህም አመስግነህ ለሚቀጥለው ዓመት ምን ቢጨመር እንደሚጠቅም ጠይቅ።

ሳንባህ ታይቶ ሐኪሙ «ሩጥ» ካለህ ጠዋት ጠዋት ሩጫህን ቀጥል። አሠልጣኝህ በአራት ዓመት ውስጥ ኢንሄለር ስትጠቀም አይቶህ እንደማያውቅ፣ ከውድድር በትንፋሽ ምክንያት ወጥተህ እንደማታውቅ የሚያውቅ ሰው ነው። እውነት ከሆነ ይህን በደብዳቤ እንዲጽፍልህ ጠይቀው፣ የውድድር ሰዓቶችህንም ያያይዝልህ። የሴሚስተሩ ውጤትህ እንዳይወርድ፤ ዌቨር የሚታይለት የሚፈልጉት ልጅ ነውና አሁን ቢ ብታመጣ ሌላ ምክንያት ሰጠሃቸው ማለት ነው።

የደወልክበትን ቀን፣ ያነጋገርከውን ሰው ስምና ያለህን ነገር አንድ ደብተር ላይ ጻፍ። ወደ ፋርማሲውና ወደ ክሊኒኩ የላክኸውን የመዝገብ ጥያቄም ኮፒ እዚያው ውስጥ አስቀምጥ፤ በ30 ቀን ውስጥ ካልመለሱልህ ደብተሩን ይዘህ በአካል ሂድ።